ስለ ጦርነትና በእጃችን ስላለው የነፍስ አደራ

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና የሰውን ነፍስ ፈጥሮ ላከበራት ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም እዝነት ሆነው በተላኩት በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፥ የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ በስውርም በግልጥም አላህን እንድትፈሩ ራሴንም እናንተንም አደራ እላለሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ታላቁ የዓለም ጦርነት ነው። ይህ ነገር ከፉሪ ምን ያገናኘዋል የሚል ቢኖር፥ በደጁ አጠገብ ስለሚያልፈው መንገድ ይጠይቅ።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዓለም ገናና በሰበታ በኩል ወደ ጅማ የሚወርደው ይህ የንግድ መንገድ በ1933 ዓ.ም. የጦር መንገድ ነበረ። ኢጣሊያ አዲስ አበባን ከለቀቀች በኋላ፥ ጅማ ላይ የቀረውን ጦሯን ለመውጋት ከናይጄሪያ የመጣ የእግረኛ ብርጌድ በዚህ በኩል ወረደ። በግንቦት ወር መጨረሻም በአበልቲ አጠገብ የኦሞን ወንዝ ተሻገረ። ከእነዚያ ወታደሮች መካከል ሐውሳ የሚናገሩ፥ እንደ እናንተ ወደ ቂብላ ዞረው የሚሰግዱ ብዙ ነበሩ። ኢትዮጵያንና ኢጣሊያን ያጣላቸውን ነገር የሚያውቅ ከመካከላቸው ስንቱ ይሆን? አንዱን ደመወዝ፥ አንዱን የሹም ትእዛዝ አመጣው፤ እናቱ ግን በሩቅ አገር ሆና የልጅዋን መመለስ ትጠብቅ ነበር።

በዚያው ዓመት ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት አጋማሽ በከረን ተራሮች ላይ ብርቱ ውጊያ ተደረገ። ከእንግሊዝ ጋር የተሰለፉት የሕንድ ክፍለ ጦሮች በውስጣቸው ሙስሊሞች ነበሩባቸው፤ ከኢጣሊያ ጋር በተሰለፉት የኤርትራ አስካሪዎች ውስጥም ሙስሊሞች ነበሩ። ከዚያም አስቀድሞ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በኦጋዴን፥ ኢጣሊያ ከሊቢያ ያመጣቻቸው ሙስሊም ወታደሮች በደጃዝማች ነሲቡ ጦር ላይ ዘመቱ። የዚያን ጦር ምሽግ ያቀዱት ደግሞ የቱርክ ጄኔራል የነበሩት ወሂብ ፓሻ ነበሩ። ሁሉም በአንድ ቂብላ የሚሰግዱ ሲሆኑ፥ የሌላ ሰው ሥልጣን በመካከላቸው ገብቶ እርስ በርስ አታኮሳቸው።

ወንድሞቼ ሆይ፥ የሊቢያን ስም ካነሣን አንድ ነገር እናስታውስ። ግራዚያኒ የተባለው የኢጣሊያ ጄኔራል ወደ አገራችን ከመምጣቱ በፊት በሊቢያ ነበረ። በዚያም ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ የዘላን ሕዝብ ከነከብቱ ከቀዬው ተነቅሎ በሽቦ በታጠረ ሰፈር ተዘጋበት፤ በረኃብና በበሽታ ያለቀውም እጅግ ብዙ ነው። ቁርኣን ያስተምሩ የነበሩት ሽማግሌ ዑመር አል ሙኽታርም ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት ካለፈ በኋላ በመስከረም 1924 ዓ.ም. በሕዝባቸው ፊት ተሰቀሉ።

ይኸው ሰው በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ ዛሬ ስድስት ኪሎ በምንለው ቦታ፥ ለድኾች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሰው ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ በወረወሩበት ጊዜ፥ ጥይቱ ምጽዋት ሊቀበሉ በተሰበሰቡት ዕውራንና አካለ ስንኩላን ላይ ሳይቀር ዘነበ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው በየመንገዱ ተገደለ፤ ቤትም በቤንዚን ከነሰዉ ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቍጥር 30 ሺህ ብሎታል፤ ከዚህ አሳንሰው የሚገምቱም አሉ። ከሞት የተረፉ ብዙዎችም ወደ ኖኩራ ደሴትና በሶማሊያ ወዳለው ወደ ዳናኔ እስር ቤት ተጋዙ፤ በዚያም ብዙዎቹ በበሽታ አለቁ።

አሁን ልብ በሉ! ከዚህ እልቂት በኋላ ገና አንድ ወር ሲሆነው፥ በመጋቢት 1929 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በትሪፖሊ በፈረስ ተቀምጦ “የእስልምና ሰይፍ” የተባለ ጌጠኛ ሰይፍ ተቀበለ፤ የሙስሊሞች ጠባቂ ነኝ ብሎም አወጀ። በአገራችንም ለሙስሊሙ ዐረብኛ አስተምራለሁ፥ መስጊድ እሠራለሁ፥ እያለ ከክርስቲያን ጎረቤቱ ሊለየው ደከመ። መስጊድ መሥራት መልካም ነገር ነው። የጎረቤትህን ደም አይተህ ዝም እንድትል ዋጋ ሆኖ የሚሰጥህ መስጊድ ግን ስጦታ አይደለም፤ ጉቦ ነው።

ይህን የመሰለው ስጦታ ከዚያ በፊት ወደዚችው አገር መጥቶ ነበረ። የነቢያችን ባልደረቦች ከመካ ተሰደው ወደ ሐበሻ በመጡ ጊዜ፥ የቁረይሽ መልእክተኞች ለነጃሺና ለሹማምንቱ ገጸ በረከት ይዘው ተከተሏቸው። ስደተኞቹን አሳልፋችሁ ስጡን አሉ። ነጃሺ ግን አስቀድሞ የስደተኞቹን ቃል ሰማ፤ ከሰማም በኋላ ገጸ በረከቱን መለሰ እንጂ እንግዶቹን አልመለሰም። እኛ በዚች ምድር የምንኖር ሙስሊሞች በዚያ በተመለሰ ስጦታ ውስጥ ዕዳ አለብን።

እንግዲህ ነጋዴ ወንድሜ ሆይ፥ በጦርነት ጊዜ ወታደሩ በጠመንጃው ሲፈተን አንተ በሚዛንህ ትፈተናለህ። ወሬ ሲከፋ ጤፉንና ዘይቱን በመጋዘን ደብቀህ ዋጋው እስኪንር ትጠብቃለህን? ነቢያችን ይህን ሥራ አጥብቀው የከለከሉት የድኻው ረኃብ የሀብታም ትርፍ እንዳይሆን ነው። ከቤቱ የተፈናቀለ ሰው ዕቃውን ሊሸጥ ሲመጣ፥ ጭንቀቱን አይተህ በሲሶ ዋጋ ትገዛዋለህን? ከጎረቤትህ ጋር የሱቅ ጠብ ቢኖርህ፥ ዘሩን ወይም ሃይማኖቱን ለባለ ጠመንጃ ጠቁመህ ትገላገለዋለህን? ነገሩ ለባለ ጠመንጃው ያንድ ቀን ሥራ ነው፤ ለአንተ ግን እስከ ፍርድ ቀን ድረስ የሚቈጠር ሒሳብ ነው።

እናንተም እናቶችና አባቶች ሆይ፥ ለልጆቻችሁ የጀግንነትን ወሬ ስትነግሩ የተቃጠሉትን ቤቶች አትዝለሉ። የመጀመሪያው ኸሊፋ አቡበክር ጦር ሲልኩ ሴትን፥ ሕፃንንና ሽማግሌን እንዳይገድሉ፥ የሚያፈራውንም ዛፍ እንዳይቈርጡ ማዘዛቸው ተዘግቧል። ለዛፍ እንዲህ ከተጠነቀቁ ለሰው ምን ያህል ይሆን? አንዲትን ነፍስ ያለ አግባብ ያጠፋ ሰው የሰውን ዘር ሁሉ እንዳጠፋ፥ አንዲቱን ያዳነም ሁሉን እንዳዳነ የሚቈጠር መሆኑን ቁርኣን አስተምሮናል። ይህን የሰማ ልጅ ወታደር ቢሆን እጁን ይሰበስባል፤ ነጋዴ ቢሆን ደጁን ይከፍታል።

አላህ ሆይ፥ በሩቅ አገር ወድቀው መቃብራቸውን ዘመድ ላልጎበኘላቸው ምሕረትህን አድርግላቸው። በግፍ የፈሰሰውን ደም አንተ ፍረደው። ለአገራችን ሰላምን ስጥ፤ እኛንም የነፍስ ዋጋ ሆኖ ከሚቀርብልን ትርፍ ሁሉ ጠብቀን። አሚን።