ጥየቃና ጥያቄ
(ከሩቅ ስለሚመጣ የጥንት ወዳጅ አጭር ቆይታ)

በአማርኛ «ጠየቀ» የሚለው ግሥ ሁለት ሥራ ይሠራል። ተማሪ መምህሩን ይጠይቃል፤ ዳኛ ምስክሩን ይጠይቃል፤ ያልገባው የገባውን ይጠይቃል። በዚያው ግሥ ደግሞ ጤነኛው የታመመውን፣ ነፃው የታሰረውን፣ ከሩቅ የመጣው በአገር የቀረውን ይጠይቃል። ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ሰው ስንቅ ይዞ ይነሣል እንጂ የጥያቄ ዝርዝር ይዞ አይነሣም። ሆኖም ቋንቋው ሁለቱን ተግባሮች በአንድ ቃል ያሰራቸው ያለ ምክንያት አይመስልም። ሰውን ሄዶ ማየት እንዴት እንደሆነ ለማወቅ መፈለግ ነውና፤ መልሱንም ከራሱ አንደበት ለመስማት መቀመጥ ነው። «ጠያቂ የለውም» የተባለ ሰው ኑሮው እንዴት እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ የታጣለት ሰው ነው።

ከጥየቃ ዓይነቶች ሁሉ አንዱ ልዩ ምርመራ ይገባዋል፤ ይኸውም በሩቅ አገር የሚኖር የጥንት ወዳጅ ለጥቂት ቀናት መጥቶ የሚያደርገው ጥየቃ ነው። ሃያ ወይም ሠላሳ ዓመት ተለያይተው የኖሩ ሁለት ሰዎች ለአንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ለአንድ ከሰዓት በኋላ ሲገናኙ አንዱ ለሌላው ምን ዕዳ አለበት? ደስታ ብቻ ነው፣ ወይስ እውነትም? ነገሩ ሲያዩት የግል ጨዋነት ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከዓረብ አገሮች በአጭር ፈቃድ እየመጣ የሚመለሰውን ሰው ላሰበ፣ ጥያቄው የአንድ ኅብረተሰብ ጥያቄ እንደሆነ ይገለጥለታል።

የአማርኛ ሰላምታ መለያየትን ይሰፍራል። ሌሊቱን ለተለየ «እንደምን አደርክ»፣ ቀኑን ለተለየ «እንደምን ዋልክ»፣ ጥቂት ቀናት ለተለየ «እንደምን ሰነበትክ»፣ ወራት ለተለየ «እንደምን ከረምክ» ይባላል። የመጨረሻው ቃል ከክረምት ጋር አንድ ሥር ያለው ነው፤ ወንዝ ሞልቶ፣ መንገድ ተቋርጦ፣ ሰውና ሰው ሳይተያዩ የሚቆዩበትን ወራት ያስታውሳል። መስፈሪያው እዚህ ላይ ያበቃል። ሃያ ዓመት ተለይቶ የመጣውም ያው «እንደምን ከረምክ» ይባላል፤ ሃያው ክረምት እንደ አንድ ክረምት ይቆጠርለታል። በዚህ አቆጣጠር ውስጥ ርኅራኄም አለ፣ አደጋም አለ። ርኅራኄው፣ ወዳጅነቱ ካቆመበት እንዲቀጥል በሩ መከፈቱ ነው። አደጋው፣ በሃያው ዓመት ውስጥ የሆነው ሁሉ እንዳልሆነ መታለፉ ነው።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው አነጋገር ከዕለት ኑሮ የተገኘ እውነት ነው። እሳት ሲነሣ ውሃ ይዞ የሚደርሰው፣ ምጥ ሲመጣ መኪና የሚፈልገው፣ ሐዘን ሲሆን ድንኳን የሚተክለው ዕድርተኛው ጎረቤት ነው። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስም ለዚህ አሳብ ቅርብ ነበር። ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ወዳጅነትን አብሮ በመኖር የሚገለጥ ተግባር አድርጎ ያየዋል፤ ርቀት ወዳጅነቱን ራሱን ባያፈርስም ተግባሩን እንደሚያቋርጥ፣ መለያየቱ ሲረዝም ደግሞ ወዳጅነቱን እስከ ማስረሳት እንደሚደርስ ያስተምራል። በሌላ በኩል የቻይናው ሊቅ የኮንፉሺየስ ትምህርት በተሰበሰበበት መጽሐፍ መግቢያ ላይ፣ ከሩቅ የሚመጣ ወዳጅ የሚያስገኘው ደስታ ከመማር ደስታ ቀጥሎ ተቀምጧል። ሁለቱ ሊቃውንት የሚጣረሱ ቢመስሉም አይጣረሱም። አንደኛው የመዘነው ወዳጅ በየቀኑ የሚሠራውን ሲሆን፣ ሁለተኛው ያሰበው ወዳጅ በመምጣቱ የሚያመጣውን ነው።

ለመሆኑ ጎረቤት የማያመጣው፣ የሩቅ ወዳጅ ግን የሚያመጣው ነገር ምንድን ነው? ጎረቤት ሰውን ዕለት በዕለት ስለሚያየው ለውጡን አያይም። ፀጉሩ ሲሸብት፣ ድምፁ ሲዝል፣ ትናንት ያወግዘው የነበረውን ነገር ዛሬ ቀስ በቀስ ሲለምደው፣ ጎረቤቱም አብሮ ይለምደዋል። ከሩቅ የመጣው የጥንት ወዳጅ ግን የሃያ አምስት ዓመቱን ወጣት በልቡ ይዞ ይመጣል፤ የሚያውቀው ያንን ነውና። በር ላይ ሲተቃቀፉ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ያያል፤ ትቶት የሄደውንና አሁን የተቀበለውን። የቤቱ ባለቤትም እንደዚያ መታየቱን ያውቀዋል። የጥንት ወዳጅ የድሮውን ሰው በአደራ የያዘ ምስክር ነው። ጥየቃው ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ እንግዳው አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ያ ወጣት የት እንደ ደረሰ በመምጣቱ ብቻ ይጠይቃል።

ከዚህ ጥያቄ መሸሻው ብዙ ነው፤ ዋናው ግን ድግስ ነው። ወዳጅ ከባሕር ማዶ ይመጣል ሲባል ግድግዳ ይቀባል፤ በግ ይገዛል፤ ዶሮ ይሠራል፤ የቤቱ እመቤት ከማጀት ሳትወጣ ትሰነብታለች። እንግዳው የመጣለትን ሰው ትቶ የተጠራውን ሰው ሁሉ ሲጨብጥ ያመሻል። ለስድስት ቀን የመጣ ሰው አምስቱን ቀን በአምስት ቤት ምሳና እራት ይጨርሰዋል፤ በስድስተኛው ቀን ሻንጣው ይታሰራል። ሁለቱ ወዳጆች ብቻቸውን የተነጋገሩት ቢቆጠር የአንድ ሲኒ ቡና ጊዜ አይሞላም። ይህን መስተንግዶ መናቅ አይገባም፤ በተለይ በድኻ ቤት ከሌለው ላይ የተሰጠ ክብር ነው። ይሁንና ደግነት አንዳንዴ መጋረጃ ይሆናል። ለድግሱ የተበደረ አባወራ ስለ ኑሮው ሲጠየቅ «ተመስገን» ብሎ ያልፋል፤ ዕዳውን መናገር እንግዳው የሚጎርሰውን ጉርሻ መቁጠር ይሆንበታልና።

እንግዳውም የራሱ መጋረጃ አለው። ሻንጣው ሽቶና ጫማ፣ ሸሚዝና የሕፃናት ልብስ ሞልቶታል። ስጦታዎቹን ለመግዛት ስንት ሌሊት እንደ ሠራ፣ በሚኖርበት ከተማ እራቱን ለብቻው እንደሚበላ አይናገርም። በዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የሁለት ዓመት ውል ጨርሳ የመጣች ሴት ለአብሮ አደጓ ወርቋን ታሳያታለች፤ ወርቁን ያስገኘውን ሌሊትና ቀን ግን ይዛው ትመለሳለች። ስለዚህ የቀረው የሄደው ደልቶታል ይላል፤ የሄደውም የቀረው ከወገኑ ጋር ነውና ምን ጎደለው ይላል። ሁለቱም እንደ ተጠያየቁ ያምናሉ። የተጠየቀ ግን የለም።

መሸሸግ ምን ያህል ከባድ ነገር ሊሸፍን እንደሚችል ከቅርብ ዘመን ታሪክ አንድ ምሳሌ ማየት ይበቃል። በ1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ሲነሣ የስልክ መሥመሩ ተቆረጠ፤ በረራውም ቆመ። ከሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከኖሩበት ከተማ ወጥተው ድንበር እንዲሻገሩ ተደረገ። በአዲስ አበባና በአሥመራ የሚኖሩ ወዳጆች ለመገናኘት በሦስተኛ አገር መዞር ነበረባቸው። ሃያ ዓመት እንዲህ አለፈ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ስልኩ ሲቀጠል፣ ደስታው የማያውቁትን ሰው ሳይቀር ደውለው ሰላም እስከ ማለት አደረሳቸው። ሐምሌ 11 ቀን ሁለት አውሮፕላኖች ተከታትለው ከአዲስ አበባ አሥመራ አረፉ፤ በማረፊያው የነበረውን መተቃቀፍና ልቅሶ ዓለም ተመለከተው። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የየብስ ድንበሩ ተከፈተ፤ ነገር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ተዘጋ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአሥመራ በረራም በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ተቋረጠ። ከመለያየቱ ርዝመት አንጻር ሲታይ ለብዙዎቹ የደረሳቸው አጭር ጥየቃ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ከእነዚያ ጠያቂዎች መካከል በ1990 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሰፈሩ ተወስዶ የሄደ አንድ ሰው አለ እንበል፤ በተቃራኒውም ከአሥመራ ወይም ከአሰብ የወጣ ሌላ ሰው ማሰብ ይቻላል። ከሃያ ዓመት በኋላ የልብ ወዳጁን ደጃፍ ያንኳኳል። ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፤ ልቅሶውም እውነተኛ ነው። ልቅሶው ሲያበራ ግን በሁለቱ መካከል አንድ ጥያቄ ይቀመጣል፤ ያን ሌሊት አንተ ምን አደረግህ? ወዳጁ ቁልፉን በአደራ ተቀብሎ ቤቱን የጠበቀ ሊሆን ይችላል፤ የቀረውን ዕቃ በርካሽ የገዛም ሊሆን ይችላል፤ ጩኸቱን ሰምቶ መብራቱን ያጠፋም ሊሆን ይችላል። እንግዳው ያለው ሦስት ቀን ነው። ይጠይቅ? ባለቤቱስ ሳይጠየቅ ይናገር?

በዚህ ላይ ሁለት ክርክር ይቀርባል። አንደኛው፣ ሦስት ቀን ቁስል ለማከም አይበቃም፤ ነካክቶ መሄድ ጭካኔ ነው ይላል። ሁለተኛው፣ እውነት ያልተነገረበት መተቃቀፍ ማስመሰል ነው ይላል። ለሁለቱም መልስ የሚሆን ልማድ በአገራችን አለ፤ እሱም የመርዶ ልማድ ነው። ዘመድ የሞተበት ሰው በሩቅ ያለ እንደሆነ ወሬው እንደ ዘበት አይደርሰውም፤ በመንገድ ላይ አይነገረውም። ሽማግሌዎችና ወዳጆች ማለዳ ተሰብስበው፣ ብቻውን እንዳይሆን ከበው ያረዱታል። ይህን ልማድ ከውሸት የሚቆጥር አይታጣም። ሆኖም ልማዱ እውነትን አይሰርዝም፤ የምትነገርበትን ሰዓትና የሚሸከማትን ትከሻ ይመርጣል። «ተረዳ» የሚለው ቃልም መርዶ መስማትን፣ ማስተዋልንና መታገዝን አንድ ላይ ይዞ መገኘቱ ልብ ሊባል ይገባል።

የወዳጅ ጥየቃ ከዚህ ልማድ የሚማረው አለ። ሰዓት መምረጥ ማለት ሰዓቱን ማሳለፍ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የከበደውን ነገር ለመጨረሻው ሰዓት ያቆየዋል፤ ሻንጣው በር ላይ ቆሞ፣ መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ሲጠብቅ በችኮላ ይናገረዋል። ይህ እውነትን ወርውሮ መሸሽ ነው፤ የሰማው ሰው ብቻውን ይዞት ይበራል። የሚነገር ነገር ካለ፣ የመንገዱ ድካም እንደ ወጣ ቢነገር የቀሩት ቀናት አብሮ ለመሸከም ይሆናሉ። መናገር ያለበትም አስቀድሞ ዕዳ ያለበት ነው። አደራ የተቀበለ ሰው አደራውን ሳይጠየቅ ሊመልስ ይገባል። እንግዳው ጠይቆ ያወጣው መልስ የምርመራ ቃል ይመስላል፤ ሳይጠየቅ የተሰጠው ግን የወዳጅ ቃል ነው።

እንግዳውም ከግዴታ ነፃ አይደለም። የሦስት ቀን እንግዳ የሃያ ዓመት ዳኛ ሊሆን አይችልም። መብራቱን ያጠፋው ሰው በዚያ ሌሊት ምን እንደ ፈራ፣ ከዚያስ ወዲህ በራሱ ላይ ምን እንደ ፈረደ ሳይሰማ የሚፈርድ እንግዳ ጠያቂ መሆኑ ቀርቶ ከሳሽ ይሆናል። ይቅር ለማለትም አይገደድ፤ ይቅርታ በአውሮፕላን ሰዓት አትታዘዝም። ከእሱ የሚጠበቀው እስከ መጨረሻው መስማት ነው፤ ተራው ሲደርስም የራሱን ኑሮ ሳያሳምር መናገር ነው። በቢሮ ቋንቋ «ተጠያቂ» የሚባለው ኃላፊነት ያለበት ሰው ነው። በወዳጆች መካከል ግን ጠያቂው ሁሉ ተጠያቂም ነው።

አንዳንዶች ዛሬ በየቀኑ በስልክ ፊት ለፊት እየተያዩ መነጋገር ስለ ተቻለ የአካል ጥየቃ ዋጋው ቀንሷል ይላሉ። ስልክ ናፍቆትን እንደሚያስታግሥ አያከራክርም። ነገር ግን ስልክ የሚያሳየው ያዘጋጁለትን ገጽ ነው። እቤት የገባ ሰው ሳይነገረው የተሰነጠቀውን ግድግዳ፣ በመደርደሪያ ላይ የተደረደረውን መድኃኒት፣ ማንም የማይቀመጥበትን ወንበር ያያል። አብረው የሚኖሩ ሰዎች የከበደውን ነገር «ነገ እንነጋገራለን» እያሉ ዕድሜ ልክ ሊያቆዩት ይችላሉ። የአጭር ጥየቃ ነገ የተቆጠረ ስለሆነ ዋናውን ከትርፉ ለመለየት ያስገድዳል። ማጠሩ ጉዳት መሆኑ ባይካድም፣ ላወቀበት መምህር ነው።

ይህ ነገር ከሳሎን ያለፈ ትርጉም አለው። በ2014 ዓ.ም. በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለገና በዓል ወደ አገር ቤት እንዲመጡ ጥሪ ሲደረግ፣ የመጪው ብዛትና የሚያመጣው የውጭ ምንዛሪ ብዙ ተነግሮለታል። ቁጥሩ ይጠቅማል፤ እንግዳን በቁጥር ብቻ የሚቀበል አገር ግን ድግሱን አብዝቶ ከጥያቄው እንደሚሸሽ አባወራ ነው። ለጥበብ ሰዎችም የሚቀር የቤት ሥራ አለ። በመድረክም ሆነ በልብ ወለድ፣ ከሩቅ የመጣው ሰው ሲተቃቀፍ መጋረጃ መዝጋት ቀላል ነው፤ ተመልካቹም አልቅሶ ይወጣል። ድራማው የሚጀምረው ግን ተቃቅፈው ከተቀመጡ በኋላ፣ የመጀመሪያው ጸጥታ በወደቀ ጊዜ ነው። መምህሩም ልጆችን እንግዳ ማክበርን ሲያስተምር፣ ከማክበር ሥራዎች አንዱ እውነቱን መንገር እንደሆነ ቢጨምርበት ትምህርቱ ይሟላል።

ወዳጁ በተቆረጠው ቀን ይሄዳል። ተመልሶ መምጣቱን ማንም ዋስ ሊሆንለት አይችልም፤ የሚዘጋ ድንበር አለ፣ የሚቋረጥ በረራ አለ፣ ሞትም አለ። በቀሩት ዓመታት ሁለቱን የሚያኖራቸው በዚያ ሳምንት የተባባሉት ነው። ተጠያይቀው የተለያዩ እንደሆነ፣ ዳግመኛ ሲገናኙ «እንደምን ከረምክ» መባባል ይበቃቸዋል፤ የሚቆጥሩት ከመጨረሻው ጥየቃ ወዲህ ያለውን ክረምት ብቻ ይሆናልና።