የሕፃን ዝምታና የእናት ክስ

ስሙ ሲጠራ የማይመልስ፥ ዓይን ለዓይን የማይተያይ፥ ንግግሩ የሚዘገይ፥ አንዱን እንቅስቃሴ የሚደጋግም፥ ልማዱ ሲለወጥ እጅግ የሚጨነቅ ሕፃን ይገኛል። ሊቃውንት ይህን ኦቲዝም ይሉታል፤ በእኛ ዘንድ ግን ብዙ ሰው ሳይመረምር «የእናቲቱ ኃጢአት ነው» ብሎ ይፈርዳል።

እንዲህ ያለው ፍርድ የተማሩትንም አስቷል። ሐኪሙ ሊዮ ካነር ይህን ጠባይ በ1943 እ.ኤ.አ. ለይቶ ጻፈ። ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ምክንያቱ የእናት ፍቅር መጕደል ነው ብሎ በማስተማሩ ብዙ እናቶች ያለ በደላቸው ተከሰሱ። ነገር ግን የእንዲህ ያለ ልጅ አባት የነበረው በርናርድ ሪምላንድ አስቀድሞ በ1964 ነገሩ ከአንጎል አፈጣጠር መሆኑን ጽፎ ነበር፤ በ1977 ደግሞ ፎልስታይንና ራተር 21 ጥንድ መንትዮችን መርምረው ዘር ታላቅ ድርሻ እንዳለው ገለጡ።

እንግዲህ ምክንያቱን ሳያውቁ መፍረድ በሕፃኑ ችግር ላይ የእናቱን ኀዘን መጨመር ነው። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ ጌታችን በደሉን በእርሱም በወላጆቹም ላይ አላደረገም። ስለዚህ ሕፃኑ በቅዳሴ መካከል ቢጮኽ፥ እናቱን በዓይናችን ከማሳፈር ይልቅ ስፍራ ልንለቅላት ይገባናል።