ከበባው ሲላላ

የእግዚአብሔርን ተስፋ በአፋችሁ ይዛችሁ ትእዛዙን በእግራችሁ የምትረግጡ ሁሉ፣ ይህ ተግሣጽ ለእናንተ ነው።

ከኤርምያስ መጽሐፍ የምንወደው ምዕራፍ 29ን ነው። እግዚአብሔር ለሕዝቡ ያሰበው የሰላም አሳብ መሆኑን የሚናገረውን ቃል በመኪናችን መስታወት፣ በሠርግ ጥሪያችን፣ በስልካችን ገጽ ላይ ለጥፈነዋል። ያ ቃል ለምርኮኞች የተላከ ደብዳቤ መሆኑን፣ ከተስፋውም አስቀድሞ 70 የባቢሎን ዓመታት መቆጠራቸውን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ጥቂት ገጾች ዝቅ ብለን ምዕራፍ 34ን ብናነብ ደግሞ የራሳችንን ታሪክ እናገኛለን።

ዘመኑ የንጉሥ ሴዴቅያስ ነው። የባቢሎኑ ንጉሥ የናቡከደነፆር ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ከቧል፤ ከይሁዳ የተመሸጉ ከተሞች የቀሩት ለኪሶና ዓዜቃ ብቻ ናቸው። ሞት ደጃፍ ላይ ሲቆም ባለጸጎቹ ሕጉ ትዝ አላቸው። ዕብራዊ ባሪያ 6 ዓመት አገልግሎ በ7ኛው ነፃ ይወጣ ዘንድ በሙሴ ታዝዞ ነበር፤ አባቶቻቸው ግን አልሰሙም። አሁን ንጉሡ፣ አለቆቹ፣ ካህናቱና ሕዝቡ በቤተ መቅደሱ ቃል ኪዳን ገቡ። ጥጃ ለሁለት ከፍለው በመካከሉ አለፉ፤ ባሪያዎቻቸውንና ገረዶቻቸውንም አርነት አወጡ። እግዚአብሔር ያን ሥራ በፊቱ ቅን ብሎ ተቀበለው። ፍርሃት የወለደው ነው ብሎ አልናቀውም።

ከዚያ የፈርዖን ሠራዊት ከግብፅ ተነሣ ተባለ፤ የናቡከደነፆር ወታደሮች ከለዳውያንም ከበባውን ትተው ፈቀቅ አሉ። ከተማይቱ ተነፈሰች። ያን ጊዜ ባለጸጎቹ ያሰናበቷቸውን ሰዎች መልሰው ባሪያ አደረጓቸው። ነፃ ነሽ ተብላ ዕቃዋን ሸክፋ ወደ ወገኖቿ የሄደችውን ገረድ አስቧት። የጌታዋን ድምፅ እንደገና ደጃፍ ላይ ስትሰማ ምን አሰበች? ስለ ሰውየው ክፋት ብቻ ያሰበች አይመስለኝም፤ ቃል ኪዳኑ የተገባው በእግዚአብሔር ስም ነበርና ስለ እግዚአብሔርም አስባለች። የእግዚአብሔርም ቁጣ የነደደው ስሙን ስላረከሱ ነው። እናንተ ለወንድሞቻችሁ ነፃነት ካላወጃችሁ እኔ ለሰይፍ፣ ለቸነፈርና ለረሃብ አውጅላችኋለሁ ማለቱ ነበር። የሄደውን ጦር መለሰው፤ በ586 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከተማይቱም ቤተ መቅደሱም ተቃጠሉ። የሴዴቅያስ ልጆች በሪብላ ዐይኑ እያየ ታረዱ፤ ከዚያም ዐይኖቹ ጠፉ።

እኛስ? 2012 ዓ.ም.ን አስታውሱ። የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ አገሩ ሁሉ እንደ ነነዌ ሰዎች ወደ አምላኩ ጮኸ። የሃይማኖት አባቶች በቴሌቪዥን ምሕላ መሩ፤ በየሳሎኑ ሰው ተንበረከከ። የቤት ኪራይ የማሩ አከራዮች ነበሩ፤ ጎረቤት ለጎረቤት ዱቄትና ዘይት አዋጣ። ያ መልካም ነበር፤ እግዚአብሔርም አይቶታል። ፍርሃቱ ሲያልፍስ? የምሕረቱ እጅ ተሰበሰበ። በሚቀጥሉት ዓመታት ኪራዩን በላይ በላዩ እየጨመረ፣ ተከራይን ከነልጆቹ በአጭር ቀን ውጣ ያለው ስንቱ ያን ጊዜ ያለቀሰው ሰው ነው?

በዚያው ዓመት በቤሩት አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ደመወዛቸውን ሳይከፍሉ በቆንስላው ደጅ ጥለዋቸው ሲሄዱ አይተን አልቅሰናል። ልቅሶው ትክክል ነበር። ነገር ግን ከገጠር መጥታ በኛው ማድ ቤት ጥግ የምትተኛው ልጅ ደመወዟ «ይጠራቀምልሻል» እየተባለ ስንት ወር ተይዟል? ሁዳዴን 55 ቀን ጾመን፣ በሕማማት ስንሰግድ ሰንብተን፣ በፋሲካ ማግስት እርሷ ላይ የምንጮኸው ጩኸት ከጾሙ በፊት ከነበረው ቀነሰ? የሐዋርያው የያዕቆብ መልእክት የተያዘ ደመወዝ ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚጮኽ ይናገራል። ቅዳሴ ላይ ቆመን ስንዘምር ያ ጩኸት ከዝማሬያችን ጋር አብሮ ይደርሳል።

«እግዚአብሔር ግን የሚመልስ አምላክ ነው» ትሉኛላችሁ። አዎን፣ ነው። በዚያው በከበባ ዘመን ኤርምያስ በግዞት ቤቱ አደባባይ ታስሮ ሳለ የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻ ግዛ አለው። ከለዳውያን በረገጡት አገር መሬት መግዛት ምን ይባላል? ነቢዩ ግን 17 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ፤ ምስክር አቆመ፤ ውሉን አትሞ ለጸሐፊው ለባሮክ ሰጠው፤ ብዙ ዘመን እንዲቆይም በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖረው አዘዘው። እግዚአብሔር በዚህች ምድር እንደገና ቤትና እርሻ እንደሚገዛ፣ ከሕዝቡም ጋር የማይፈርስ የዘላለም ኪዳን እንደሚገባ ነግሮታልና። ተስፋውም ተፈጸመ፤ በቂሮስ ዘመን ከተመለሱት መካከል የዓናቶት ሰዎች 128 እንደ ነበሩ ዕዝራ ጽፎልናል።

ተስፋው አልወደቀም። ያ ገረዶቹን መልሶ የያዘው ትውልድ ግን አላየውም፤ ከፊሉ በረሃብ፣ ከፊሉ በሰይፍ አለቀ፣ የቀረው ተጋዘ። ቀደም ብሎ ሐሰተኛው ነቢይ ሐናንያ የተማረከው ሁሉ በ2 ዓመት ይመለሳል ብሎ ሲሰብክላቸው በደስታ ሰምተውት ይሆናል፤ ኃጢአታቸውን አልጠራባቸውምና። እርሱ በዚያው ዓመት ሞተ። ዛሬም ኃጢአትን ሳይጠሩ የመመለሻ ቀን እየቆረጡ የሚያስጨበጭቡ አሉ። ሕዝቡን እየገደሉት ነው።

እኛ ደግሞ ከእነርሱ ይልቅ እንጠየቃለን። እነርሱ በተከፈለ ጥጃ መካከል አለፉ። ለእኛ ግን ጌታ በዚያች በሐሙስ ሌሊት ጽዋውን አንሥቶ አዲሱን ኪዳን በገዛ ደሙ አጸናልን። ኤርምያስ በልብ ላይ የሚጻፍ ያለው ሕግ ይህ ነው፤ ፍርሃት ሲመጣ የሚከፈት፣ ፍርሃት ሲሄድ የሚዘጋ አይደለም። ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ተቀብሎ የድሀውን ደመወዝ በኪሱ ይዞ የሚወጣ ሰው በምን መካከል እንዳለፈ ያስተውል።

ንስሐ አባታችሁ ፊት ስትቀርቡ ስግደትና ጾም ብቻ ተቀብላችሁ አትመለሱ። ዘኬዎስ ጌታ ቤቱ በገባ ጊዜ የንብረቱን እኩሌታ ለድሆች ሰጠ፤ የቀማውንም 4 እጥፍ እመልሳለሁ አለ። መዳን ለቤቱ የሆነው በዚያ ቀን ነው። የመለሳችሁትን መልሳችሁ የወሰዳችሁ፣ የማራችሁትን መልሳችሁ ያሰራችሁ፣ ጌታ አሁንም እየጠበቃችሁ ነው፤ የሚጠብቀው ግን ልቅሷችሁን ብቻ አይደለም። ከበባው ዳግመኛ እስኪጠብቅ አትቆዩ። ዛሬ ማታ ልጅቷን ጥሯት፤ የያዛችሁባትን ደመወዝ ቆጥራችሁ በእጇ ስጧት፤ ይቅርታም ለምኗት።