ጠና የሚለው ቃል ለማን ያደላል?

አንድ ጥያቄ ይዞኝ ከርሟል። ሰው ታሞ ሲብስበት "ሕመሙ ጠናበት" እንላለን። ያው ሰው ያረፈ እንደሆነ ደግሞ ለቅሶ ቤት ገብተን ለቤተሰቡ "እግዜር ያጥናችሁ" እንላለን። ትናንት በበሽታው ላይ አይተን የፈራነውን ነገር ዛሬ ለሐዘንተኛው ከፈጣሪ እንለምንለታለን። መጥናት በጎ ነገር ከሆነ በሽታው እንዴት ይጠናል? ክፉ ከሆነስ ለሚያለቅስ ሰው እንዴት ይመረቅበታል?

መጀመሪያ የጠረጠርሁት ሁለት የተለያዩ ቃላት በአጋጣሚ ተመሳስለው ይሆናል ብዬ ነው። ለዚህ ጥርጣሬ የሚያበቃ ነገር ነበረኝ። "ጤና" እና "ጠና" በአንዲት አናባቢ ብቻ ይለያያሉ፤ ሲሰሙ እኅትማማች ይመስላሉ። ነገር ግን "ጤና" የመጣው ከግእዙ "ጥዒና" ነው፤ ሥሩም "ጥዕየ" ነው። "ጠና" ደግሞ "ጸንዐ" ከሚለው ነው የተወለደው። የኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው "ጸንዐ"ን ያገኘዋል። (መጽሐፉ ራሱ በመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ተጀምሮ፣ በደቀ መዝሙራቸው በኪዳነ ወልድ ቀጥሎ፣ ሁለቱም ካለፉ በኋላ በደስታ ተክለ ወልድ አማካይነት በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት የበቃ ነው። የሦስት ሰው ዕድሜ የጠየቀ ሥራ ነውና ባነሣሁት ቁጥር እጄ በአክብሮት ይገልጠዋል።) ከግእዝ ወደ አማርኛ ሲመጣ መጨረሻ ላይ ያለው "ዐ" ወደቀ፤ "ሰምዐ" ሰማ፣ "በልዐ" በላ እንደሆነው ሁሉ። "ጸ" ደግሞ በአፍ ላይ "ጠ" ሆነ፤ ጸሎትን ጠሎት፣ ጾምን ጦም እንደምንለው። ስለዚህ ሕመሙ ላይ ያለው ጠና፣ እምነቱ ላይ ያለው ጸና፣ ለቅሶ ቤት ያለው ያጥናችሁ አንድ ቃል ናቸው። ሁለት ቃል ነው ብዬ የማመልጥበት በር ተዘጋ።

እሺ፣ ቃሉ አንድ ከሆነ ምናልባት ሥራ ተከፋፍሎ ይሆናል አልሁ። በ"ጸ" ሲነገር ለክብር፣ በ"ጠ" ሲነገር ለመከራ። ይህ ሐሳብ ለጥቂት ጊዜ ደስ አሰኝቶኝ ነበር፤ ምክንያቱም ምሳሌው ሞልቷል። አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ሲወጣ "ከዚህ ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል" ይባላል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሥር ፍርድ ቤቱን ፍርድ ሲቀበል "ጸንቷል" ይላል፤ ሳይቀበል ሲቀር "ተሽሯል" ይላል። ሰው በሃይማኖቱ ይጸናል፤ በቃሉ ይጸናል። በሌላ ወገን ሕመም ይጠናል፣ ረኃብ ይጠናል፣ ችግር ይጠናል። መስመሩ የጠራ መሰለኝ።

ግን ሐሳቡ ሲፈተን አልቆመም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን እስራትን ሁለት አድርጎ ይከፍላል። ቀላሉ በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። ከባዱ ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት ሲሆን ሕጉ ለይቶ በደነገገበት ቦታ ዕድሜ ልክ ይደርሳል። የዚህ የከባዱ ስም "ጽኑ እስራት" ነው፤ በ"ጸ"። ሆስፒታል ስንሄድም በጣም የታመሙት የሚተኙበት "የጽኑ ሕሙማን ክፍል" ነው፤ አሁንም በ"ጸ"። ሐዘንተኛውን የምንመርቅበት ደግሞ፣ ለክብር የተመደበ ባልነው በ"ጸ" ብቻ ሳይሆን በ"ጠ"ም ነው፤ እንዲያውም በሰፈር አፍ "ያጥናሽ" ነው የሚበዛው። ክፍፍሌ ፈረሰ።

ቀጥዬ ምዕላዱን ጠረጠርሁ። "ጠናበት" እና "ጸናለት" የሚሉትን ጎን ለጎን አስቀምጡ። "በሽታው ጠናበት" ስንል "በት" ጉዳቱን ይነግረናል፤ "መንግሥቱ ጸናለት" ስንል "ለት" ጥቅሙን። እንግዲህ መልካሙንና ክፉውን የሚለየው ቃሉ ሳይሆን ከኋላው የሚቀጠለው ነው ማለት ነው። ይህ እውነት ይመስለኛል። ነገር ግን ምዕላዱ የነገረኝ ሸክሙ ማን ላይ እንደወደቀ ብቻ ነው። የቃሉ ሆድ ውስጥ ያለውን አልነገረኝም። ለሁለቱም እኩል የሚያገለግለው ያ የውስጡ ነገር ምንድን ነው?

ወደዚህ ጥያቄ ያስገባኝ በጎም ክፉም ያልሆነ አጠቃቀም ነው። "ጠና ያሉ ሰው ናቸው" እንላለን። ወጣት አይደሉም፣ ገና አርጅተውም አላለቁም ማለታችን ነው። ስድብ የለበትም፤ ምስጋናም የለበትም። በዕድሜ ገፍተዋል ነው። እዚህ ላይ ጠና የጉልበት ነገር እንዳልሆነ ታየኝ። ጠና ያሉ ሰው ጉልበታቸው ከጎረምሳው ያነሰ ሊሆን ይችላል። የጠናው ቆይታቸው ነው።

ከዚያ ትምህርት ቤት ትዝ አለኝ። "አጠና" የሚለው ግስ የዚሁ ቃል ልጅ ነው፤ እንዲጸና አደረገ ማለት ነው። "ጥናት" እና "ጽናት" መንታ ናቸው፤ አንዱ በጠ ሄዶ ደብተር ያዘ፣ አንዱ በጸ ቀርቶ መከራ ቻለ። ዛሬ ጥናት ስንል ቢሮ፣ መጠይቅና ሪፖርት ይታየናል። በአብነት ትምህርት ቤት ግን ማጥናት ቃል በቃል ማጽናት ነበር፤ አሁንም ነው። ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ ከግእዝ ንባብ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከዚያም ወደ ቁም ንባብ ይሻገራል። ሲመሽ ብርሃንም መጽሐፍም በሌለበት ውዳሴ ማርያምን ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ይደግማል። ነገ ያንኑ ይደግማል። የኔታ የሚጠይቁት ትርጉሙ ገባህ ወይ ብለው አይደለም፤ ያ ወደፊት፣ መጽሐፍ ቤት ሲገባ የሚመጣ ነው። የሚፈልጉት ቃሉ ልጁ ውስጥ ተቀምጦ እንዳይነቃነቅ ነው። ብዙ ሰው ይህን ጭፍን ሽምደዳ ይለዋል፤ እኔ አልስማማም። እነዚያ ልጆች ያጸኑት ነገር መጽሐፍ ሲቃጠልም፣ ዓይን ሲጠፋም አብሯቸው ቆይቷል። ዓይነ ስውር ሆነው ትልልቅ ጉባኤ የዘረጉ መምህራን በታሪካችን የነበሩት በዚህ ነው።

ስለዚህ አሁን እንዲህ ብዬ አስባለሁ፤ ጠና ማለት ገብቶ ሥር ሰደደ፣ በቀላሉ የማይነቀል ሆነ ማለት ነው። በሽታ ሥር ሲሰድድ ይጠናል፣ ትምህርት ሥር ሲሰድድ ይጠናል፣ ሕግም እንደዚያው። "ጠነከረ" ከዚህ ይለያል፤ እሱ የአካልና የጥጥር ነገር ነው፣ እጅም መሬትም ይጠነክራል። "በረታ"ም ይለያል፤ በእኔ ጆሮ እሱ የወቅት ቃል ነው። ብርዱ ዛሬ ሌሊት በርትቶ ነገ ሊለቅ ይችላል። ሠራተኛን በመንገድ ሲያልፉ "በርታ" የሚሉት ለዛሬው ሥራው ነው። ጠና ግን ጊዜ ይጠይቃል። ለማንም አያድላ እንጂ ለቆየ ያደላል።

እንግዲህ ይህን ይዤ ወደ ለቅሶ ቤቱ ልመለስ። "እግዜር ያጥናችሁ" ሐዘኑን ያንሳላችሁ አይልም። ሐዘኑ እንደሚጠና የታወቀ ነው። የሚለምነው ሰዎቹም እንዲጠኑ ነው፤ ሐዘኑ በገባበት ቤት እነሱም ሳይነቀሉ እንዲቆዩ። "መጽናናት" ከዚሁ መውጣቱ አሁን አይደንቀኝም። ቅርጹ "መረዳዳት"ን ይመስላል፤ እርስ በርስ መጽናትን። ብቻውን ያለ ሰውም "ተጽናናሁ" ይላልና ቅርጹን ብቻ እንደ ማስረጃ አልቆጥረውም። ይልቅ ልማዱ ይመሰክራል። እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ሳህን ያመጣል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ጎረቤት በየተራ ያድራል። ከዚያ ሣልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ይህን የሠሩ ሰዎች ሐዘንተኛ በአንድ ቀን እንዲጠና አልጠበቁም። ቃሉ የሚጠይቀውን ጊዜ ከነመቁጠሪያው ሰጥተውታል።

ለዚህ ነው በለቅሶ ላይ "ጠንክሪ እንጂ! አታልቅሺ!" የሚለው ትእዛዝ የሚያሳዝነኝ። ሰዎች ክፉ አስበው አይሉትም፤ የሚወዱትን ሰው እንባ ማየት ስለማይችሉ ነው። ቢሆንም "ጠንክሪ" ሥራውን ሁሉ በሐዘንተኛዋ ጫንቃ ላይ ይጥላል። "ያጥናሽ" ሌላ አድራጊ አለው፤ የምታጸኚው አንቺ ብቻሽን አይደለሽም ይላታል። የዘመዷን ሞት በስልክ የሰማች፣ ዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ድንኳንም ጎረቤትም የላትም። ለእሷ "ጠንክሪ" ማለት እንዴት ያለ ጭካኔ እንደሚሆን አስቡት። ባይሆን ደጋግሞ መደወል ይቻላል፤ በአርባውም፣ በሰማንያውም።

አንድ ነገር ግን አሁንም አልተፈታልኝም። ለታመመው ሰው ራሱ "ያጥናህ" አንልም። "እግዜር ይማርህ" ነው የምንለው። ይህ ትክክል ነው፤ ለበሽተኛ የሚለመነው ምሕረት ነው፣ ያኛው ቃል ደግሞ የሞት ጠረን አለው። ለአስታማሚዋስ? እናቷን ለዓመታት ያገላበጠች፣ ያጠበች፣ ያጎረሰች ሴት "እግዜር ይማርልሽ" ትባላለች። ምኞቱ ለእናትየው ነው፤ ለእሷ የደረሰው "ልሽ" የምትለው ብቻ ናት። በትክክል የሚገባት ቃል "ያጥናሽ" ነበር፤ ሕመሙ በጠናበት ቤት አብራ የጠናችው እሷ ናትና። ብንላት ግን እናቷን የቀበርንባት ይመስላታል፤ ትደነግጣለች። እስካሁን ያለኝ "በርቺ" ነው። የወቅት ቃል ነው ብያለሁና፣ አንድ ጊዜ ብሎ መሄድ አይበቃም። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ እንደገና ማለት፣ ከተቻለም አንዷን ሌሊት ተቀብሎ እሷን ማስተኛት ይጠይቃል።