ድምፁን ሰሙ፣ ነዳጁን ረሱ

ልጄ፣ የአውሮፕላን ጥገና ልትማር መመዝገብህን ስሰማ ደስም አለኝ፣ ስጋትም አደረብኝ። ደስታውን አባትህ ይንገርህ፤ እኔ ስጋቴን ልንገርህ። ተወልደህ ያደግኸው እዚሁ ቤቴል ነው። ከዚህ በጦር ኃይሎች በኩል ወደ ልደታ ስትወርድ፣ ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የከተማችን አውሮፕላኖች ያርፉበት የነበረውን ቦታ ታገኛለህ። ሰፈሩን ዛሬም ኦልድ ኤርፖርት እንለዋለን። እዚያ ሜዳ ላይ በሰላም ካረፉት አውሮፕላኖች ጀርባ ስሙ ያልተነሳ ሰው ነበር፤ ክሪክ አስገብቶ፣ ግራሶ ቀብቶ፣ ብሎን አጥብቆ የሸኛቸው መካኒክ። ነገ ያ ሰው አንተ ነህ። ስለዚህ ይህን ታሪክ ሳትሰማ እንድትሄድ አልፈልግም።

ጊዜው ታኅሣሥ 19 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። ንብረትነቱ የዩናይትድ አየር መንገድ የሆነ ዲሲ-8 አውሮፕላን፣ የበረራ ቁጥሩ 173፣ 189 ሰዎች ይዞ ከኒውዮርክ በዴንቨር በኩል አድርጎ በምዕራብ አሜሪካ ወደምትገኘው ፖርትላንድ ደርሷል። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ከ10 ገደማ ይሆናል። ካፒቴኑ ማልበርን ማክብሩም ከ27,000 ሰዓት በላይ የበረሩ አንጋፋ ናቸው። ለማረፍ ላንዲንግ ጊሩ፣ ማለትም የማረፊያ እግሩ፣ ሲወርድ ከሥር ያልተለመደ ከባድ ድምፅ ተሰማ፤ አውሮፕላኑም ወደ ጎን ዘወር አለ። እግሮቹ ወርደው መቆለፋቸውን ከሚያሳዩት አረንጓዴ መብራቶች መካከልም ያልበራ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በልና ተመልከት። ካፒቴኑ ድምፁን ንቀው አላለፉም። እኛ ከጦር ኃይሎች ወደ ቤቴል በምንመጣበት ሚኒባስ ጎማው ሥር የሆነ ነገር ሲንኳኳ፣ ሹፌሩ ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ ሲሄድ ስንት ጊዜ አይተናል! እሳቸው እንዲህ አላደረጉም። ማረፉን ትተው ከከተማዋ ዳር መዞር ጀመሩ፤ የድምፁን ምክንያት መፈለግም ያዙ። እስከዚህ ድረስ ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም።

በዲሲ-8 ክንፍ ላይ እግሩ ወርዶ ሲቆለፍ ብቅ የሚል ትንሽ ምልክት አለ። የበረራ መሐንዲሱ በዓይኑ አየው፤ ምልክቱ ወጥቷል። እግሮቹ ተቆልፈዋል ማለት ነው። ሳንፍራንሲስኮ ካሉት የኩባንያው የጥገና ባለሙያዎች ጋርም በሬዲዮ ተነጋገሩ። ሊደረግ የሚችለው ሁሉ ተደርጓል። መልሱ እጃቸው ላይ ነበር።

ግን አላረፉም። እግሩ ቢታጠፍስ፣ ተሳፋሪው በደንብ ተዘጋጅቷል ወይ፣ አስተናጋጆቹ ጨርሰዋል ወይ እያሉ ዞሩ። አሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ለሰው ከመጨነቅ የመጣ ነው። ሆኖም አንድ ሰዓት ያህል ሲዞሩ አራቱ ሞተሮች ነዳጅ እየጠጡ ነበር። ረዳት አብራሪውና መሐንዲሱ ነዳጁ እየቀነሰ መሆኑን ያያሉ። ጠየቅ አደረጉ፣ ጠቆም አደረጉ፣ ቁጥሩን ተናገሩ። «ካፒቴን፣ ነዳጃችን ሊያልቅ ነው፤ አሁኑኑ እናርፍ» ብሎ በግልጽ የተናገረ ግን አልነበረም። አለቃ ናቸው፣ አንጋፋ ናቸው፣ እሳቸው ያውቃሉ። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶቻችን፤ እዚያ የቀረው ከሹመት የሚበልጥ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ15 ላይ ሞተሮቹ ተራ በተራ ጠፍተው አውሮፕላኑ ከማረፊያው 11 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ዛፍና ቤት ባለበት ሰፈር ወደቀ። 10 ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህ አንዱ ያው የበረራ መሐንዲሱ ነው። ሌሎቹን ከእሳት ያዳናቸው፣ የሚቃጠል ነዳጅ በታንከሩ ውስጥ አለመኖሩ ነው።

አየህ፣ ያ ድምፅ አንድም ሰው አልገደለም። በዚያ እግር ማረፍ ይቻል ነበር።

አሁን ወደ አንተ ሙያ ልምጣ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና መርማሪዎቹ ስብርባሪውን ሲመረምሩ የድምፁን ሥር አገኙት። የቀኙን እግር የሚስበውና በልክ የሚያወርደው የሃይድሮሊክ ሲሊንደር ፒስተን ጫፉ ላይ በብሎን ጥርስ ይያያዛል። ያ ጥርስ ዝጎ ነበር። ዝገቱ ሲበላው ቆይቶ በዚያ ምሽት ተለቀቀ፤ እግሩም የሚይዘው አጥቶ በራሱ ክብደት ወደቀ። የወደቀበት ግጭት ነው ድምፁ። መብራቱን የሚያበራውን ማብሪያም ያበላሸው ይኸው ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የተጀመረው በፖርትላንድ ሰማይ ላይ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ጋ ነበር፤ መካኒክ ባትሪ አብርቶ ያንን ጥርስ ሊያይ በሚችልበት ቀን።

ይህ ያለፈ ነገር ነው እንዳትል። ጳጉሜን 4 ቀን 1999 ዓ.ም. የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ ኪው 400 አውሮፕላን ዴንማርክ አልቦርግ ላይ ሲያርፍ የቀኝ እግሩ ታጠፈበት። እኛ አዲሱን ሚሌኒየም ባከበርንበት በመስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ደግሞ የዚያው ድርጅት ሌላ ኪው 400 ሊትዌኒያ ቪልኒየስ ላይ እንዲሁ ሆነ። ምክንያቱ ሲፈለግ ያው ነው፤ እግሩን በሚስበው ፒስተን ጫፍ ላይ የዛገ የብሎን ጥርስ። ከ10,000 ጊዜ በላይ ያረፉ የዚያ ዓይነት አውሮፕላኖች ሳይመረመሩ እንዳይበሩ ተባለ። በሁለቱም የሞተ ሰው የለም። የአልቦርጎቹም እንደ ፖርትላንዶቹ ምልክቱ አላምር ሲላቸው ዞረዋል፤ ግን አስበው ዞረው፣ ተሳፋሪውን አዘጋጅተው፣ በጊዜ አረፉ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በልልኝ። ዩናይትድም ከፖርትላንድ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1981 አለቃ እንዲሰማ፣ የበታችም እንዲናገር የሚያስተምር ሥልጠና ጀመረ። ዛሬ ያ ሥልጠና በመላው ዓለም ለአብራሪዎች ይሰጣል።

ኪው 400 ደግሞ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ላሊበላ ዘመዶቻችንን የሚያመላልሰው ይኸው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው።

አንተ መጀመሪያ የምትነካው ግን ሴስና 172ን የመሰለ ትንሽ አውሮፕላን ይሆናል። እግሩ ስለማይታጠፍ ቀላል ይመስልሃል። አብራሪው መጥቶ «ከሥር ይንኳኳል» ሲልህ ወደ መፍቻህ አትሩጥ፤ መጀመሪያ ጠይቀው። ሲንደረደር ነው ወይስ ሲያርፍ? ፍሬን ሲይዝ ይብሳል? ከተነሳ በኋላስ ይሰማል? ከመሬት ከተነሳ በኋላ የሚርገፈገፍ ከሆነና ፍሬኑን ቀስ አድርጎ ሲረግጥ ቀጥ ካለ፣ በአየር ላይ የሚሽከረከረው ጎማ ሚዛኑን ስቷል። ከፍጥነቱ ጋር የሚጨምርና የሚቀንስ ፉጨት ከሆነ ነፋስ ነው፤ የላላ ሽፋን ፈልግ። መሬት ላይ የፊት ጎማው ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ የእግር ፔዳሉን ካንቀጠቀጠ፣ ውዝዋዜውን የሚያበርደውን ሺሚ ዳምፐርና የመገጣጠሚያዎቹን መላላት እይ፤ የጎማውንም ንፋስ ለካ። ሲያርፍ ብረት ከብረት የተጋጨ ያህል ከጮኸ፣ ግጭቱን የሚያለዝበው የፊት እግሩ ስትራት ዘይቱ ወይም ናይትሮጅኑ ጎድሎ ይሆናል። የሚያብረቀርቀው ዘንግ ምን ያህል እንደወጣ ለክተህ ከማኑዋሉ ጋር አስተያይ።

ከዚያ በክሪክ አንሳው። ሞተር የለም፣ ወሬ የለም። ጎማውን በአንድ እጅህ አሽከርክር፤ ሌላውን መዳፍህን እግሩ ብረት ላይ አሳርፍ። ግራሶ የደረቀበት ኩሽኔታ ጆሮህ ሳይሰማው በፊት አሸዋ እንደሚፈጭ ሆኖ መዳፍህ ይሰማዋል። የመጀመሪያውን ጥፋት ስታገኝም አትቁም። የላላ ብሎን አጥብቀህ «አገኘሁት» ስትል የዛገው ከጀርባው ሊሆን ይችላል።

ያገኘኸውን በመዝገቡ ላይ ጻፈው፦ ድምፁ መቼ እንደተሰማ፣ በየትኛው ጎን እንደሆነ፣ ምን እንደፈታህና ምን እንዳየህ። ለአለቃህም ሳትጠቁም፣ ሳታድበሰብስ በግልጽ ንገረው። ይሉኝታ ይይዝሃል፤ አውቃለሁ፣ ትልቅ እንድታከብር ነው ያሳደግንህ። አክብረህ መናገር ትችላለህ። «ተወው፣ ምንም አይደለም» ካለህ፣ ምንም አለመሆኑን በመዝገቡ ላይ ጽፎ እንዲፈርምልህ ለምነው፤ እስኪፈርምም አውሮፕላኑን ከክሪኩ አታውርድ።