ምልክት ያልተወ ውድቀት

የሰው እጅ ለባለቤቱ ሁልጊዜ የሚታዘዝ አይደለም። ጠንቃቃው ሰው እንኳ በድካም፥ በችኮላ ወይም በሐሳብ መባከን ጊዜ የያዘውን ይለቃል፤ የተለቀቀውም ነገር ይወድቃል። ስለዚህ ዕቃ ከእጅ ማምለጡ በራሱ ነውር ሆኖ አይቈጠርም፤ ክፉ ፈቃድ የሌለበት ነገር አደጋ ይባላል እንጂ በደል አይባልም። ነገር ግን ከአደጋው በኋላ ባለችው ጥቂት ጊዜ፥ ሰውየው ጐንበስ ብሎ የወደቀውን ሲያነሣና ዙሪያውን ሲመለከት፥ አንድ ጥያቄ ይወለዳል። ይህ ጥያቄ የአደጋ ነገር አይደለም፤ የፈቃድ ነገር ነው።

ነገሩ በምሳሌ ቢነገር ይገለጣል። አንድ ወጣት ፎቶግራፍ አንሺ ለሠርግ ሥራ ከባልንጀራው ካሜራ ተዋሰ ይባል። ማንገቻው ከትከሻው ተንሸራተተና ካሜራው ከወገቡ ከፍታ በሲሚንቶው ወለል ላይ ወደቀ። ወጣቱ ደንግጦ አነሣው፤ አገላብጦም አየው። ጭረት የለበትም፤ ሌንሱ አልተሰነጠቀም፤ ቢጫነውም እንደ ወትሮው ድምፁን ይሰጣል። በማግሥቱ ለባለቤቱ በሚመልስበት ጊዜ የሆነውን የመናገር ግዴታ አለበትን? ወይስ ጕዳት ካልታየ በደል የለምና ዝም ቢል ይፈቀድለታልን? ብዙ ቅን ሰዎች ሁለተኛውን ይመርጣሉ፤ የሚመርጡትም ከክፋት የተነሣ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው በችኮላ ሊታለፍ አይገባውም።

መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ ውድቀት በካሜራ ላይ የሚያደርገውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከ1 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ዕቃ ወለሉን እስኪነካ ድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም፤ በሚነካበትም ጊዜ ፍጥነቱ በሰከንድ 4.4 ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ይህ ፍጥነት ለሯጭ ሰው እንኳ ብዙ አይደለም። ጕዳቱ የሚመጣው ግን ፍጥነቱ የሚያልቅበት ርቀት በማጠሩ ነው። ዕቃው በወፍራም ምንጣፍ ላይ ወድቆ በ1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም፥ የሚያርፍበት ኃይል በአማካይ የክብደቱን 100 እጥፍ ያህል ይሆናል፤ በሲሚንቶ ላይ ወድቆ በ1 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢቆም ግን 1000 እጥፍ ያህል ይሆናል። እንግዲህ 1 ኪሎ የሚመዝን ካሜራ፥ ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ በማትቆይ ጊዜ፥ የ1000 ኪሎ ጭነት እንደ ተጫነበት ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ኃይል ወዴት እንደ ሄደ ግን ከውጭ ተመልክቶ ማወቅ አይቻልም። አንዳንድ ጊዜ በሌንሱ አፍ ላይ ያለው ቀጭን ቀለበት ይጣመማል፤ በፊቱ የተገጠመውም ስስ የማጣሪያ መስተዋት ይደቃል። ይህን ያየ ሰው ካሜራው ጠፋ ብሎ ያዝናል፤ ነገር ግን ቀለበቱ በመጣመሙ ኃይሉን ተቀብሎ አብርዶታልና ከበስተኋላው ያለው ሌንስ ደኅና ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጠንካራው የውጭ አካል አንዳች ሳይጐድልበት ኃይሉን ሁሉ ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል። በሌንስ ውስጥ ብዙ መስተዋቶች በአንድ መሥመር ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ከነርሱ አንዱ ለዐይን በማይታይ መጠን ቢያዘነብል የሥዕሉ አንድ ወገን ጥርት ብሎ ሌላው ወገን ሊደበዝዝ ይችላል። ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀትም እንዲሁ በጥብቅ የተወሰነ ነው፤ በኒኮን ኤፍ ካሜራ 46.5 ሚሊ ሜትር፥ በላይካ ኤም ካሜራ 27.8 ሚሊ ሜትር ነው። መቀመጫው በአንድ ወገን በጥቂቱ ቢጐብጥ፥ የባለቤቱ ዐይን ያላየውን ሥዕሉ ይመሰክረዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ርቀት መለኪያ ያለው የካሜራ ዓይነት ነው። በዚህ ዓይነት ካሜራ ፎቶግራፍ አንሺው በሌንሱ ውስጥ አይመለከትም፤ በሌላ ትንሽ መስኮት ይመለከታል እንጂ። በዚያም ሁለት ምስሎች ያያል፤ ሁለቱ ምስሎች ተጋጥመው አንድ በሆኑ ጊዜ ርቀቱ ተስተካከለ ብሎ ይጫናል። መሣሪያው ወድቆ በውስጡ ያለው ትንሽ መስተዋት ከቦታው ቢናወጥ፥ ሁለቱ ምስሎች እንደ ቀድሞው አንድ ይሆናሉ፤ ነገር ግን አንድ የሚሆኑት በማይገባው ስፍራ ነው። በመስኮቱ የሚታየው ጥርት ያለ፥ በፊልሙ ላይ የሚቀረው ግን ደብዛዛ ነው፤ ፊልሙ እስኪታጠብ ድረስም ይህን የሚያውቅ የለም። በዚያን ጊዜ ሙሽሮቹ ወደ ቤታቸው ገብተዋል፤ ድንኳኑ ፈርሷል፤ እንግዶቹም ተበትነዋል። በዛሬው ካሜራ ሥዕሉ ወዲያው ቢታይም፥ በትንሿ መስኮት ሲታይ ደኅና መስሎ ሰፍቶ በታተመ ጊዜ ጉድለቱ የሚገለጥ አለ።

እንግዲህ የጥያቄው ፍሬ ከዚህ ይገኛል። እንስራ የተዋሰች ሴት ብትሰብረው እንስራው ራሱ ይናገራል፤ እርሷ ዝም ብትል እንኳ ገሉ ይመሰክራል። የካሜራ ውድቀት ግን ብዙ ጊዜ ምስክር የለውም። በዓለም ላይ ይህን ነገር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም የጣለው ነው። እርሱ ዝም ባለ ጊዜ ነገሩ ለባለቤቱ ፈጽሞ ይሰወራል። ስለዚህ ምልክት አለመኖሩ የመናገርን ግዴታ የሚያቀልል ይመስላል እንጂ፥ በጥልቅ ቢመረመር የሚያከብደው ሆኖ ይገኛል። ጕዳቱ የታየ እንደ ሆነ የተዋሰው ሰው ቃል ትርፍ ነው፤ ጕዳቱ የተሰወረ እንደ ሆነ ግን ከርሱ ቃል በቀር ሌላ ብርሃን የለም።

በዚህ ላይ ሦስት ክርክር ይነሣል። ፊተኛው፥ «ካሜራው ይሠራል፤ የሚሠራን ነገር ወደቀ ብሎ ማውራት ምን ይጠቅማል?» የሚል ነው። መልሱ አጭር ነው፤ ወጣቱ ካሜራው ድምፅ መስጠቱን ያውቃል እንጂ መሥራቱን አያውቅም። ደግሞም የተዋሱትን መመለስ ያለ አፍ የሚነገር ቃል ነው፤ ዕቃውን በሁለት እጁ የሚያቀብል ሰው «እንደ ሰጠኸኝ ይኸውልህ» ማለቱ ነው። ይህ ቃል እውነት መሆኑን ሳያውቅ በእጁ የተናገረ ሰው፥ በአፉ አልዋሸሁም ብሎ ሊመካ አይችልም።

ሁለተኛው ክርክር፥ «ባለቤቱን በከንቱ ማስጨነቅ አይገባም» የሚል ነው። ይህ አሳብ ርኅራኄ ይመስላል፤ ነገር ግን ስለ ዕቃው ማሰብም አለማሰብም የባለቤቱ ሥልጣን ነው። በርሱ ፈንታ ሆኖ «ይህን ባያውቅ ይሻለዋል» ብሎ የሚፈርድ ሰው በሌላው ንብረት ላይ ራሱን ሾሟል። ጭንቀቱም ቢሆን የሚያልቀው በጥቂት ሥራ ነው፤ አንድ ገጽ ጋዜጣ በግድግዳ ላይ ዘርግቶ፥ ካሜራውን በእግሩ ላይ አቁሞ ፊት ለፊት ማንሣትና የአራቱን ማዕዘን ፊደሎች ማስተያየት ነው። ከማዕዘኖቹ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የደበዘዘ እንደ ሆነ ወደ ሠሪ መውሰድ ነው። ነገር ግን ይህን ፈተና የሚያደርግ፥ መውደቁን የሰማ ሰው ብቻ ነው።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ ይከብዳል፤ የድኻ ክርክር ነውና። ወጣቱ ቢናገር ክፈል ይባላል፤ የካሜራው ዋጋ የብዙ ወር እንጀራው ነው፤ ወዳጅነቱም ሥራውም ይቀርበታል። ይህን ፍርሃት ሊንቀው የሚችል የጠገበ ሰው ብቻ ነው። ሆኖም ሁለት ዕዳ ተቀላቅለው እንዳይታዩ መለየት ያስፈልጋል፤ አንዱ የገንዘብ ዕዳ ነው፥ ሁለተኛው የእውነት ዕዳ ነው። የገንዘቡን ድኻ ሊያጣው ይችላል፤ እንዴትና መቼ እንደሚከፈል፥ ወይም ይቅር እንደሚባል፥ ሁለቱ የሚነጋገሩበት ነው። የእውነቱን ግን የሚያጣ ሰው የለም። ደግሞም ዝምታ ዕዳውን አያጠፋውም፤ ሳይጠየቅ ወደ ሌላ ሰው ትከሻ ያሻግረዋል እንጂ። ካሜራውን ያዋሰው ባልንጀራ ምናልባት እርሱም ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያው መሣሪያ ይሆናል፤ በሚመጣው ሳምንት ደብዛዛ ሥዕል ይዞ በሙሽሮቹ ቤተ ሰብ ፊት የሚያፍር እርሱ ነው፤ የማታውቀው ሙሽራም የማይመለስ ቀኗን ታጣለች።

መውደቅን መግለጥ ምን ያህል እንደሚያድን አንድ ታላቅ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 6 ቀን 2003 በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ ግዛት በሰኒቬል ከተማ፥ ኖአ-ኤን ፕራይም የተባለች የአየር ጠባይ መመልከቻ ሳተላይት በመሠራት ላይ ነበረች። ደመናን፥ የብስንና ባሕርን ከላይ ሆነው የሚሥሉ መሣሪያዎች የምትሸከም ስለ ሆነች፥ በሰማይ የምትሰቀል ካሜራ ብትባል ከእውነት አይርቅም። ሠራተኞቹ ከቆመችበት ሊያጋድሟት ሲያዘነብሏት ከጋሪው ተንሸራታ በወለሉ ላይ ወደቀች። በተመረመረም ጊዜ መቀመጫዋን ከጋሪው ጋር ሊያያይዙ የሚገባቸው 24 ብሎኖች በቦታቸው አልነበሩም። አስቀድሞ ተፈትተው ተወስደው ነበር፤ መፈታታቸው ግን በመዝገብ አልተጻፈም፤ በኋላ የመጡትም መኖራቸውን ሳያረጋግጡ ሥራቸውን ጀመሩ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር ይታያል። የውድቀቱ አንድ ምክንያት ራሱ ዝምታ ነበረ፤ ብሎኖቹን የፈታ እጅ ባይናገር፥ ሳያውቅ የሚመጣው ሰው ደኅና መስሎት ጋሪውን አዘነበለ። ከውድቀቱ በኋላ ግን ነገሩ ሊሰወር አልቻለምና ሁሉ ተገለጠ፤ ሳተላይቷ ተመርምራ የተጐዳው ተለወጠ፥ ሊድን የሚችለውም ታደሰ። ለጥገናው 135 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጣ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 6 ቀን 2009 ወደ ሰማይ ተላከች፤ ኖአ-19 ተብላም ከ10 ዓመት በላይ የደመናን ሥዕል ስትልክ ኖረች። የወደቀ ነገር ሁሉ የጠፋ አይደለም፤ ውድቀቱ የታወቀለት ነገር ጠጋኝ ያገኛል።

ነገር ግን ግዴታው በተዋሰው ሰው ላይ ብቻ ተጭኖ ቢቀር ፍርዱ ጐደሎ ይሆናል። እውነት የሚናገር አፍ እንደሚያስፈልግ ሁሉ እውነት የሚቀበል ጆሮም ያስፈልጋል። በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የመጥረቢያውን ታሪክ የሚያስታውስ ያስታውስ። የተዋሰው መጥረቢያ በዮርዳኖስ ውኃ የወደቀበት ሰው አልሸሸገም፤ የሰው ገንዘብ መሆኑን ተናግሮ ጮኸ። ኤልሳዕም አልገሠጸውም፤ ወዴት እንደ ወደቀ ጠየቀው እንጂ። ባለ ዕቃ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ሊማር ይገባዋል። «ለምን ጣልህ?» የሚለው ጥያቄ ያለፈውን አይመልስም፤ «የት ወደቀ? በምን በኩል አረፈ?» የሚለው ግን መድኃኒቱን ያሳያል። እውነቱን የነገረውን ሰው የሚሰድብና የሚያባርር አሠሪ ለጊዜው የካሜራውን ዋጋ ያገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን በቤቱ የቀሩትን ሠራተኞች ሁሉ መደበቅን አስተምሯል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በመደርደሪያው ላይ ካሉት መሣሪያዎች የትኛው ደኅና፥ የትኛው የወደቀ እንደ ሆነ ለማወቅ አይችልም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፥ የተሰወረው ውድቀት አንድ ቀን በሥዕሉ ላይ መገለጡ አይቀርም። ልዩነቱ በማን ላይና በምን ሰዓት እንደሚገለጥ ነው። በጊዜው የተናገረ ሰው ውድቀቱ በሁለት ወዳጆች መካከል ከጋዜጣ ገጽ ፊት ይገለጣል፤ ዝም ያለ ሰው ውድቀቱ በማያውቀው ሠርግ፥ በማያውቃቸው ሰዎች ላይ ይገለጣል። ስለዚህ የተዋሰውን የጣለ ሰው ጭረት ፈልጎ ባጣ ጊዜ፥ ይህን ለዝምታው ፈቃድ አድርጎ አይቍጠረው፤ ምስክርነቱ በርሱ አፍ ብቻ እንደ ቀረ ይወቅ።