አይዞሽ የምትል እህት

ዛሬ የማካፍላችሁ ከዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 12 መጀመሪያ ነው። ጊዜ ስታገኙ አውጥታችሁ አንብቡት።

እዚያ ላይ ሕይወታችን በሩጫ ተመስሏል። የሚገርመው ግን ስለ ሩጫው ከመናገሩ በፊት በዙሪያችን ስላሉት ምስክሮች ይናገራል። እነማን ናቸው ብትሉ ምዕራፍ 11 ላይ ተዘርዝረዋል። አንዱ አብርሃም ነው። እሱም እንደኛ ስደተኛ ነበር፤ ከአገሩ ሲወጣ መድረሻውን የነገረው ኤጀንሲ አልነበረም። እግዚአብሔርን ብቻ አምኖ ወጣ፣ በድንኳንም ኖረ።

ይህ ቃል ይበልጥ የገባኝ በኖቬምበር 2022 የቤይሩት ማራቶን ሲሮጥ ነው። የማዳም ትልቁ ልጅ አጭሩን ሩጫ ስለሚሮጥ ቤተሰቡ በሙሉ ሊያበረታታው ወጣ። እኔም ትንሿን ልጅ በአንድ እጄ፣ ውሃና ሙዝ የሞላውን ቦርሳ በሌላው ይዤ ተከተልኩ። ሰዉ መንገድ ዳር ቆሞ ያጨበጭባል፣ ድስት የሚመታም ነበር። በመሃል አንዲት ሐበሻ ሯጭ ስትመጣ አየሁ። እኔማ ማዳም አጠገቤ መቆሟንም ረሳሁ፤ «አይዞሽ እህቴ! በርቺ!» ብዬ ጮህኩ። ልጅቷ አማርኛ ስትሰማ ዞር ብላ ፈገግ አለች፣ እጇንም አነሳች። ከዚያ አልፋ ሄደች።

እህቶቼ፣ ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። የኔ ጩኸት አንዲት ሜትር እንኳ አልቀነሰላትም። ግን ብቻዋን እንዳልሆነች አወቀች። ማበረታታት ማለት ይሄ ነው።

ይህን ውድድር የመሰረተችው ሜይ ኤል ኸሊል የምትባል ሊባኖሳዊት ናት። ራሷ ሯጭ ነበረች፤ ልምምድ ላይ ሳለች መኪና ገጭቷት ብዙ ጊዜ ኦፕራሲዮን ተደርጋለች። ከዚያ ሁሉ በኋላ በ2003 ሌሎች የሚሮጡበትን ማራቶን አስጀመረች። የኛዋ ደራርቱም በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታገኝ፣ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየርን ጠብቃ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ያሸነፈችም የተጎዳችም ለሌላው ቦታ አላት ማለት ነው።

እኛስ? በሩጫው ቀን ሻንጣ ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው አላየሁም። እኛ ግን «እከሊት በሁለት ዓመት ቤት ሰራች፣ እኔ አራት ዓመቴ ነው» እያልን እንሸከማለን። ቃሉ ግን ሸክሙን አስቀምጠን በፊታችን ያለውን የራሳችንን መንገድ እንድንሮጥ ነው የሚለን። እሷ የሮጠችው የሷን ነው፣ ያንቺ ደግሞ ያንቺ ነው።

ከምኖርበት ሕንጻ ፊት ለፊት በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣ እህት አለች። እሁድ አትወጣም፣ ስልክም የላትም። ጠዋት ጠዋት በስሟ ጠርቼ ሰላም እላታለሁ። አንድ ቀን ምን አለችኝ መሰላችሁ? «እዚህ ቤት ሌላ ስም ነው ያወጡልኝ። በእናቴ ስም አወጣጥ የምትጠሪኝ አንቺ ብቻ ነሽ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟን ሳልጠራ አልውልም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የተመታች ወይም ደመወዟን የተከለከለች እህት ስትነግረን «ቻይው፣ ጸልይ» ብቻ ብሎ መመለስ ማበረታታት አይደለም። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ የራበውን ሰው በባዶ ቃል መሸኘት ምን ይጠቅማል ብሎ ይጠይቃል። በ2020 ዶላር ጠፍቶ ብዙ እህቶቻችን ሻንጣቸውን ይዘው ቤይሩት መንገድ ላይ ሲጣሉ፣ ምግብ ካሰባሰቡላቸው መካከል እንደነሱ የቤት ሰራተኛ የሆኑ ሐበሾች ነበሩ። ከሌላቸው ላይ ነው ያካፈሉት።

እስቲ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን አንዲት እህት እንምረጥ። ስልክ ያላት ትደውል፤ እሁድ የምትወጣ ለማትወጣዋ ይህቺን ወረቀት ታድርስ፤ በረንዳ ላይ ያለችውን በስሟ እንጥራ። ችግር ላይ ያለች ካለች ለኅብረቱ እንንገር፣ አብረናት እንሂድ። እናንተ በር የተቆለፈባችሁ እህቶች ደግሞ፣ ማንም ያላያችሁ ቢመስላችሁ ጌታ ያያችኋል። እኛም ስማችሁን እየጠራን እንጸልያለን።

ሩጫውን በፊታችን ሮጦ የፈጸመው ጌታ ጉልበታችሁን ያጽና፤ በሰላም ለአገራችሁና ለእናቶቻችሁ ያብቃችሁ። አሜን።

እህታችሁ፣ ከቤይሩት